በገናና የመኪና በር

በሲያትል ከተማ፣ በማውንት ቤከር ሠፈር፣ የሬኒየር ጎዳና ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና ጋር በሚተላለፍበት መስቀለኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ቆሞ አላፊውን መኪና የተመለከተ ሰው፣ ከሾፌሮቹ መካከል የሀገሩን ልጅ ለማግኘት ብዙ አይደክምም፤ በዚህ ከተማ በታክሲ ሥራ የሚተዳደረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነውና። ቀኑን ሙሉ ከመሪው ጀርባ ለሚውል ሰውም በዐቢይ ጾም በገና፣ ከፋሲካ ወዲያ ዘፈን የሚሰማበት ቦታው ያው መኪናው ነው።

ነገር ግን ከፋብሪካ በወጣው ስፒከር በገና ያዳመጠ ሰው በገናን ሰማ ለማለት ያስቸግራል። ዐሥሩ አውታር ያን ልብ የሚመስጥ እዝታ የሚያገኘው፣ በብርኩማውና በአውታሩ መካከል ከሚሸጎጠው እንዝራ ከተባለው ቁራጭ ቆዳ ሲሆን፣ ቀጭኑ የወረቀት ስፒከርና የላላው የበር ፕላስቲክ የራሳቸውን ንዝረት ስለሚጨምሩበት፣ የትኛው የደርዳሪው፣ የትኛው የበሩ እንደ ሆነ ጆሮ መለየት ይሳነዋል።

ድምፅ ላሻሽል ብሎ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚገዛው ትልቅ ሰብውፈር ነው። በእኔ አስተያየት ግን የመጀመሪያው ገንዘብ የሚገባው ለበሩ ነው፤ ስፒከር ወደ ፊት አየር በገፋ ቁጥር ከኋላው ተቃራኒ ሞገድ ስለሚፈጥር፣ ሁለቱ በበሩ ቀዳዳ በኩል ሲገናኙ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈትቶ፣ ቆርቆሮውን በአልኮል ወልውሎ፣ ጀርባው አሉሚኒየም የሆነውን ተለጣፊ የቡቲል ጎማ አጥብቆ እየተጫኑ መለጠፍና ትላልቆቹን ቀዳዳዎች መድፈን ነው። ቀድሞ ሲያንኳኩት እንደ ጣሳ ይጮኽ የነበረው በር ድም ብሎ ሲመልስ ሥራው መያዙ ይታወቃል። ከታች ያሉት የውሃ መውረጃዎች ግን እንዳይደፈኑ፤ የሲያትል ዝናብ በሩን ከውስጥ ይበላዋል።

ከዚያ በኋላ የፊት ስፒከሮች ይለወጣሉ፤ የኋላዎቹ ለተሳፋሪ ናቸውና ይቆዩ። በካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው ዋት ማንንም አያታልል፤ በ14 ቮልት ገደማ የሚሠራ ተራ የመኪና ቴፕ ለአንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር በተግባር የሚሰጠው 20 ዋት ያህል ነው። ይልቁንስ የሚመረመረው በዴሲቤል የተጻፈው የስፒከሩ ቅልጥፍና ሲሆን፣ በ3 ዴሲቤል የሚበልጠው በግማሽ ኃይል ያንኑ ያህል ይጮኻል። ከ100 ዶላር በታች ጥሩ ጥንድ ይገኛል፤ ለመኪናው ተብሎ የተሠራ መሸጋገሪያ ሽቦ ከተጨመረም የፋብሪካውን ገመድ መቁረጥ አያሻም። ፖዘቲቭና ነጋቲቩ በአንዱ በር ከተገለበጠ ግን ቤዙ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ያለ ጥፋቱ ስፒከሩን ሲረግም ይኖራል።

ገንዘብ ከተረፈ፣ አምፕሊፋየሩን በውስጡ የያዘና ከወንበር ሥር የሚገባ ትንሽ ሰብውፈር ለማኅሌቱ ከበሮ ይበቃል። ከባትሪ የሚነሣው ገመድ ፊውዙ እዚያው ባትሪው ሥር ሊሆን ይገባል፤ ያለዚያ ገመዱ ተልጦ ብረት የነካ ዕለት እሳት ነው። ሾፌሮች በሚወዱት በፕሪየስ ውስጥ ደግሞ ብርቱካናማዎቹ ገመዶች ከ200 ቮልት በላይ ስለሚሸከሙ ፈጽሞ አይነኩም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው በስተቀኝ ስለሚገኝ፣ ገመዱን ከሞተር ክፍል ድረስ መጎተት አይኖርም።