ለማን ነው? ለምንስ ነው?

በ1988 ኢራቅ 39 ቶን ያህል የባክቴሪያ ማሳደጊያ ከውጭ ገዝታ አስገባች። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀኖች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ማሳደጊያው መርዝ አይደለም። ከሥጋ፣ ከወተት ፕሮቲን ወይም ከእርሾ የሚዘጋጅ ደረቅ ዱቄት ነው። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ጥቂት ግራም መዝኖ በውኃ ይበጠብጠዋል፣ በእንፋሎት ያመክነዋል፣ ከታማሚው ጉሮሮ ወይም ቁስል የወሰደውን ናሙና ይዘራበትና በማግስቱ ምን እንደበቀለ ያያል። ዱቄቱ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ዕቃው ከተከፈተ እርጥበት ይስባል፣ ይጓጉላል፣ ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል። ላቦራቶሪዎች ከ100 ግራም እስከ አንድ ኪሎ በሚይዝ ትንሽ ዕቃ የሚገዙት ለዚህ ነው። ኢራቅ ያስገባችው ግን ከ25 እስከ 100 ኪሎ በሚይዝ በርሜል ነበር።

ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መርማሪዎች ደረሰኝ ከደረሰኝ እያስተያዩ ሒሳቡን ሠሩት። የአገሪቱ ሆስፒታሎች በሙሉ በዓመት የሚጠቀሙት ከ200 ኪሎ አይበልጥም። 17 ቶን ያህሉ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም። የባግዳድ ባለሥልጣናት ለየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል አከፋፍለነው ነበር፣ በ1991ዱ ሁከት ጠፋ ሲሉ መለሱ። ያመነ አልነበረም። ሐምሌ 1 ቀን 1995 ለጦር መሣሪያነት የሚውል ባክቴሪያና መርዝ በብዛት ያመርቱ እንደነበር አመኑ። በነሐሴ የሳዳም ሁሴን አማች ሁሴን ካሜል ወደ ዮርዳኖስ ሲኮበልል የቀረውም ወጣ፤ 19,000 ሊትር የቦቱሊነም መርዝ፣ 8,500 ሊትር አባሰንጋ፣ በቦምብና በሚሳይል አናት የተሞላውም ጭምር።

መርማሪዎቹን ወደዚህ የመራቸው የስለላ ሳተላይት ሳይሆን የበርሜል መጠን ነው። ዛሬ ክትባት፣ የክትባት ማምረቻ ማሽንና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ከአገር አገር ሲሻገሩ የሚጠየቀው የወጪ ንግድ ፈቃድ የሚያነሣው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ዕቃው ለማን ነው፣ ለምን ነው፣ መጠኑስ ከተባለው ሥራ ጋር ይመጣጠናል ወይ?

ዘሩስ ከየት መጣ? አባሰንጋው በድብቅ የተሰረቀ አልነበረም። የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ በ1994 ባወጣው ሪፖርት፣ በ1986 እና በ1988 በወቅቱ ሜሪላንድ ከነበረ የተሕዋስያን ማከማቻ ማዕከል ወደ ኢራቅ የተላኩትን የባክቴሪያ ዓይነቶች ከነቀናቸው ዘርዝሯቸዋል። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ፈቃድ ሰጥቶበታል። ለዩኒቨርሲቲ ምርምር ነው ተብሎ የተጠየቀ፣ ፊርማና ማኅተም ያለው፣ ሕጋዊ ጭነት። ወረቀት መኖሩ ብቻውን ምንም እንደማይከለክል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ጠያቂው ባለሥልጣን ምን እንደሚጠይቅ ካላወቀ ፈቃዱ ቴምብር ነው።

ምን እንደሚጠየቅ ያወቀውና ያሳወቀው አካል «የአውስትራሊያ ቡድን» ይባላል። የተወለደውም በዚያው በኢራቅ ሰበብ ነው። በ1984 የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ከኢራቅ ጋር ስትዋጋ በነበረችው ኢራን ላይ የኬሚካል ጦር መሣሪያ መጣሉን አረጋገጡ፤ ቅመሞቹ ደግሞ ከምዕራብ ኩባንያዎች በተራ ንግድ የተገዙ ሆነው ተገኙ። የደነገጡ መንግሥታት እያንዳንዳቸው የእገዳ ዝርዝር ቢያወጡም ዝርዝሮቹ አንድ አልነበሩም። አንዱ ጋ የተከለከለው ገዢ ጎረቤቱ ጋ ሄዶ ይሸምታል። አውስትራሊያ ዝርዝሩን አንድ እናድርገው ብላ ጠራቻቸው፤ በሰኔ 1985 አሥራ አምስት አገሮችና የአውሮፓ ኮሚሽን ብራስልስ ላይ ተቀመጡ። ተሕዋስያንና የባዮሎጂ መሣሪያዎች የተጨመሩት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ቡድኑ ቻርተር የለውም፣ ፍርድ ቤት የለውም፣ ውሳኔው በሕግ አያስገድድም። አባላቱ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፓሪስ ላይ፣ በዝግ ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም ካልተስማማ ምንም አይወሰንም። የተስማሙበትን ዝርዝር እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ ሕግ ውስጥ ያስገባና በራሱ ጉምሩክ ያስፈጽማል። ጉልበቱ በአንዲት ደንብ ላይ ነው፤ አንድ አባል ለአንድ ገዢ አልሸጥም ሲል ለሌሎቹ ይነግራል፣ እነርሱም መጀመሪያ እርሱን ሳያማክሩ ያንኑ ዕቃ ለዚያው ገዢ አይሸጡም። ዛሬ 42 አገሮችና የአውሮፓ ኅብረት አባል ናቸው። ሕንድ በ2018 ገብታለች። ቻይናና ሩሲያ የሉበትም። ከአፍሪካ አንድም አገር የለም።

የእኛ አገር አርብቶ አደር ዝርዝሩን ቢያነቡለት ግማሹን በስሙ ያውቀዋል። ከኢቦላ፣ ከማርበርግ፣ ከፈንጣጣ ጎን አባሰንጋ፣ የደስታ በሽታ፣ አፍተግር፣ የበግና የፍየል ፈንጣጣ፣ የከብት ሳምባ በሽታ ተጽፈዋል። የሰው መግደያ ብቻ ሳይሆን የአንድ አገር የከብት ሀብት ማውደሚያም እንደ መሣሪያ ይቆጠራል። ደስታ በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል ገብቶ «ክፉ ቀን» በተባለው የረኃብ ዘመን በሬና ላም ሲጨርስ ምን እንደተከተለ ለምናውቅ፣ ይህ ማጋነን አይመስለንም።

ከተሕዋስያኑ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የማሽኖቹ ዝርዝር ነው፤ የባለሙያው ዓይን እዚያ ላይ ይታያልና። ተሕዋስያን የሚባዙበት የታሸገ ጋን፣ ማለትም ፈርመንተር፣ ይዘቱ 20 ሊትር ከሆነ ጀምሮ ፈቃድ ይጠይቃል። 20 ሊትር ማለት ውኃ የምንቀዳበት ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው። ክትባትን በማቀዝቀዝ የሚያደርቀው ፍሪዝ ድራየር በ24 ሰዓት 10 ኪሎ በረዶ መያዝ ከቻለ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። በሰዓት ከ100 ሊትር በላይ የሚያጣራ ሴንትሪፉጅም እንዲሁ። ፀረ ተባይ የሚረጭ የአውሮፕላን መሣሪያ እንኳ አለበት፤ ጠብታዎቹ እጅግ ደቃቅ ከሆኑ። ደቃቅ ጠብታ ሰብል ላይ ከማረፍ ይልቅ አየር ላይ ተንሳፍፎ ሳምባ ውስጥ ይገባልና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ክትባት ፋብሪካ ላይ ወደቀ? የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት እንይ። ፋብሪካው ባክቴሪያውን በጋን ያባዛል፣ ባክቴሪያው የሚያወጣውን መርዝ ለይቶ ይሰበስባል፣ ከዚያ መርዙን በፎርማሊን ያመክነዋል። የመከነው መርዝ ሲወጋ ሰውነት እንዲከላከል ያስተምራል። ጋኑ፣ ማጣሪያው፣ ባለሙያው፣ የሥራው ንጽሕና ሁሉ ከዚያች ከመጨረሻዋ እርምጃ በፊት ላለውም ያው ነው። ማሽኑን አይቶ የሚለይ መርማሪ የለም።

ባግዳድ አጠገብ አል-ዳውራ የሚባል ስፍራ የነበረው ፋብሪካ የሆነውም ይኸው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሣይ ኩባንያ የተሠራ፣ ለከብት የአፍተግር ክትባት የሚያመርት፣ የሚያኮራ ተቋም ነበር። በ1990 መገባደጃ ጦሩ ተረከበውና በጥቂት ወራት ውስጥ 5,400 ሊትር ያህል የቦቱሊነም መርዝ አወጣ። ማሽኖቹን መርማሪዎቹ በ1996 አወደሟቸው። ዋናው ፋብሪካ አል-ሐከምም፣ የዶሮ መኖ ማምረቻ ነው ሲባል የቆየው፣ በዚያው ዓመት በፈንጂ ፈረሰ። ከዚያ በ1998 እና በ1999 አፍተግር ኢራቅ ውስጥ ተዛመተ። በርካታ እንስሳት ተጠቁ፣ አገሪቱ ግን ክትባቱን የምታመርትበት ፋብሪካ አልነበራትም። ፋብሪካው ባይወድም ኖሮ መርማሪዎቹን ማን ያምናቸው ነበር? ግን ግልገል የሞተበት ገበሬ ከመርዙ ጋር ምን አገናኘው? ሁለቱንም ጥያቄ ይዤ ነው የምቀጥለው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ተመርቶ ያለቀ ክትባት ግን ከቡድኑ ዝርዝር ውጭ ነው። ተሕዋሱ በክትባት መልክ ከተዘጋጀ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ የሚያዘው ዘሩና ማሽኑ ነው። አሜሪካ ክትባቶችን በራሷ የንግድ ቁጥጥር መዝገብ ላይ ብታሰፍርም ቀለል ባለ ተርታ ነው፤ ለአብዛኛው አገር ያለ ችግር ይሄዳሉ፣ እክል የሚገጥመው ማዕቀብ ወዳለባቸው አገሮች ሲላክ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ መድኃኒት ይሂድ፣ መሣሪያ ይቅር። ለ30 ዓመታት ያህል ክትባት ከድንበር ላይ ይያዛል ብሎ የሠጋ ብዙ ሰው አልነበረም።

2021 መጣና ይህን ገለበጠው። ጥር 29 ቀን የአውሮፓ ኅብረት የኮቪድ ክትባት ከግዛቱ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ደነገገ። አምራቾች ቃል የገቡልንን ሳያስረክቡ ለሌላ ይሸጣሉ የሚል ቁጣ ነበር ምክንያቱ። የወረቀቱ ዓይነት የታወቀው ነው፤ ላኪው ማን ነው፣ ተቀባዩ ማን ነው፣ ስንት ነው። ሚዛኑ ግን ሌላ ሆነ። ገዢው ምን ሊሠራበት ነው መባሉ ቀርቶ ለእኛ ስንት ቀረን ተባለ። በመጋቢት መጀመሪያ ጣሊያን 250,000 የሚያህል የአስትራዜኔካ ክትባት እንዳይወጣ አገደች። ከሮም ደቡብ ምሥራቅ አናኚ በምትባል ከተማ ብልቃጥ ውስጥ ተሞልቶ የተዘጋጀ ነበር። በኅብረቱ ድንጋጌ መሠረት የታገደው የመጀመሪያው ጭነት ይኸው ሲሆን፣ የታገደባት አገር ደግሞ አውስትራሊያ ናት። ሰነዱን ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ እንኳ ስሙን ሲያነብ ሳይስቅ የቀረ አይመስለኝም።

በእርግጥ የአውሮፓው ድንጋጌ ለድኾች አገሮች በዓለም አቀፉ የክትባት ማከፋፈያ በኮቫክስ በኩል የሚሄደውን አልነካም። እኛን የነካን ከሌላ አቅጣጫ የመጣው ነው። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ መጋቢት 7 ቀን 2021፣ ቦሌ ላይ 2,184,000 ክትባት ተራገፈ። አምራቹ ፑኔ ከተማ ያለው የሕንድ ሴረም ኢንስቲትዩት ነው። ክትባት የመስጠቱ ሥራ በሳምንቱ፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። የፈረንጆቹ መጋቢት ሳያልቅ ሕንድ የራሷ ወረርሽኝ ሲያይልባት ወደ ውጭ መላኩን ገታች፤ የኮቫክስ ኃላፊዎችም የመጋቢትና የሚያዝያ ድርሻ እንደሚዘገይ አስታወቁ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን ሲጠብቅ የነበረ ሰው ጭንቀቱ የተጀመረው እዚያ ነው። ከአንድ አምራች ጋር የታሰረ አህጉር፣ የዚያ አምራች መንግሥት በሩን ሲዘጋ ሌላ በር አልነበረውም።

ሴረም ኢንስቲትዩትም ቢሆን ከላዩ ሌላ በር ነበረበት። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ አዳር ፑናዋላ በሚያዝያ 2021 የአሜሪካን ፕሬዚዳንት በይፋ ተማጸኑ፤ ጥሬ ዕቃ ልቀቁልን አሉ። አሜሪካ በጦርነት ጊዜ በወጣ የምርት ሕግ አምራቾቿ በቅድሚያ ለአገር ውስጥ ትእዛዝ እንዲያስረክቡ አድርጋ ነበርና፣ ማጣሪያና ክትባት የሚመረትባቸው የፕላስቲክ ከረጢቶች ወረፋ ውስጥ ገቡ። ክትባት የማይወጣው ክልከላ ስላለበት ብቻ አይደለም፤ አንዲት ማጣሪያ ስትቀር መስመሩ በሙሉ ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአፍሪካ ኅብረት በ2040 አህጉሩ ከሚያስፈልገው ክትባት 60 በመቶውን ራሱ ያምርት የሚል ግብ አስቀመጠ። ግቡ ግን ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ዝርዝር ያስገባናል። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ከ1964 ጀምሮ የከብትና የዶሮ ክትባት ያመርታል። እንዲህ ያለ ተቋም ከአውሮፓ አዲስ ፈርመንተር ወይም ፍሪዝ ድራየር ቢያዝ፣ ሻጩ ከመንግሥቱ ፈቃድ ያወጣል፤ ከአዲስ አበባም የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ብዙውን ጊዜ ይፈቀዳል። ይፈቀዳል ማለት ግን ቶሎ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ወረቀቱን በየደረጃው የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።

ታዳጊ አገሮች በዚህ ላይ የቆየ ቅሬታ አላቸው። ከ1975 ጀምሮ የጸናው የባዮሎጂያዊ ጦር መሣሪያ ስምምነት በሦስተኛው አንቀጹ መሣሪያ ለማንም አታስተላልፉ ይላል፤ በአሥረኛው አንቀጹ ደግሞ ለሰላማዊ ሥራ ዕቃና ዕውቀት ተለዋወጡ ይላል። በዝግ የሚሰበሰቡ ሀብታም አገሮች ሦስተኛውን አጥብቀው ይዘው አሥረኛውን ረስተዋል የሚሉ አሉ። እኔም ግማሽ ያህል እስማማለሁ። ዝርዝሩ ራሱ ጠቃሚ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከ2004 ወዲህ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1540 እንዲህ ያለውን ቁጥጥር በሁሉም አገር ላይ ግዴታ አድርጎታል፣ ኢትዮጵያም ላይ። ዝርዝሩ ሲጻፍ ግን በሽታዎቹ በየዕለቱ የሚገጥሟቸው አገሮች ወንበር የላቸውም።

ለቡድኑ አባል አገሮች ሊያስገርም የሚችለው፣ ቢሾፍቱ ጠያቂ ብቻ አለመሆኗ ነው። የደስታ በሽታ በ2011 ከምድር ገጽ ጠፍቷል ተብሎ ከታወጀ በኋላ የቀረው ቫይረስና የክትባቱ ዘር በዓለም ላይ በጥቂት የተፈቀደላቸው ማከማቻዎች ብቻ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ከነዚያ አንዱ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ፣ ነው፤ ቢሾፍቱ። በቫይረሱ ምርምር ማድረግ የሚፈልግ የትኛውም ላቦራቶሪ አስቀድሞ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትንና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትን (ፋኦን) ማስፈቀድ አለበት፤ ለማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ አስረድቶ።