ጨረቃ ለምን ትጎድላለች?

በኮሌጅ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት የሚሰጥ ትምህርት አለ። ሥነ ፈለክ ይባላል። በጀማሪዎች ክፍል የሚናገረው መምህሩ ብቻ አይደለም። ተማሪዎች ርእስ ይከፋፈላሉ። እያንዳንዱ አንብቦ ይዘጋጅና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያስረዳል። ሲጨርስ ይጠየቃል። ጭንቁ እዚያ ላይ ነው።

ብዙዎችን ከሚያሳስቱት ጥያቄዎች አንዱ ጨረቃ ለምን ትጎድላለች የሚለው ነው። «የምድር ጥላ ሸፍኗት ነው» የሚል ብዙ ነው፤ የተማረም ይስታል። ጥላስ አይደለም። እንጦጦ ተራራ ላይ መስታወታቸው 1 ሜትር የሚሰፋ 2 ቴሌስኮፖች አሉ። ለዚህ ጥያቄ ግን ኩራዝና ሎሚ ይበቃናል።

እስቲ ማታ እንሞክረው። ኩራዙን ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጡ። እሱ ፀሐይ ነው። ሎሚ በቀጭን እንጨት ጫፍ ሰክታችሁ ክንዳችሁን ዘርጉ። ሎሚው ጨረቃ፣ ራሳችሁ ምድር ናችሁ። ሎሚውን ወደ ኩራዙ ስታደርጉት ወደ እናንተ ያለው ፊቱ ጨለማ ነው። ጨረቃ ጠፍ የምንለው ይኸው ነው። አሁን ሎሚውን እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ ዙሩ። መጀመሪያ ጠርዙ ይበራል፤ ከዚያ ግማሹ። ኩራዙ ከጀርባችሁ ሲሆን ሎሚውን ከራሳችሁ በላይ አድርጉት፤ ሙሉ ሆኖ ይታያል። የሎሚው ግማሽ ሁልጊዜም በርቷል። የተለወጠው እኛ የምናይበት አቅጣጫ ነው። ጨረቃ ከሙሉ እስከ ሙሉ 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል።

ሎሚውን ዝቅ ብታደርጉትስ? ያኔ የራሳችሁ ጥላ ያርፍበታል። የጨረቃ ግርዶሽ እሱ ነው። ሎሚው ኩራዙን ከዓይናችሁ ሲጋርድ ደግሞ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። «ታዲያ በየወሩ ለምን አይሆንም?» ትሉ ይሆናል። የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ወይም ዝቅ ብላ ታልፋለች።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ ዳር ዳሯ ብቻ ቀርቶ እንደ ቀለበት ታየች። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ግርዶሽ አለ። በግብፅና በየመን በሚያልፈው መሥመር ላይ ፀሐይ ፈጽማ ትሸፈናለች፤ በአገራችን ከፊሏ ብቻ። ክረምት ነውና ደመናው ከፈቀደ ነው።

ያን ቀን ዓይናችሁን ጠብቁ። ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት የዓይንን ውስጥ ያቃጥላል። ሲቃጠል ስለማያም ሰው ሳያውቀው ይጎዳል። ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ ተራ ጥቁር መነጽር ወይም በውኃ ውስጥ ማየት አያድንም። ለግርዶሽ የተሠራ መነጽር ካልተገኘ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ። ወረቀት በመርፌ ብሱና ብርሃኑን በሌላ ወረቀት ላይ አሳርፉት። ነጠብጣቧ ብርሃን እንደ ፀሐይዋ ጎድላ ትታያለች። በዛፍ ሥር በቅጠል መካከል የሚወርደው ብርሃንም እንዲሁ ነው። ልጆች ቀና እንዳይሉ ግን ከአጠገባቸው ትልቅ ሰው አይጥፋ።