ብሪጅ፦ ሳይተያዩ መጫረት

የብሪጅ ጠብ አብዛኛውን ጊዜ ከተጋጣሚ ጋር አይደለም፤ ከራስ አጋር ጋር ነው። ተጋጣሚ ቢያሸንፍ «ጎበዝ ነው» ይባልና ይታለፋል። ከፊት ለፊት የተቀመጠው አጋር አራት ማለት ሲገባው ሦስት ብሎ ከቆመ ግን ነገሩ እራት ላይ ይነሣል፣ መኪና ውስጥ ይነሣል፣ አንዳንዴም በማግሥቱ በስልክ ይቀጥላል። ጠቡ የሚጀምረውም ገና አንድ ካርታ ሳይጣል፣ በጨረታው ላይ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ እንዲህ ነው። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ አጋር ከአጋር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። 52ቱ ካርታ እኩል ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። አራቱም በየተራ አንድ አንድ ካርታ ሲጥሉ አንድ ዙር ይሆናል፤ ትልቁን የጣለ ዙሩን ይወስዳል። ከዚያ በፊት ግን ጨረታ አለ፦ የትኛው ወገን ስንት ዙር እንደሚወስድና የትኛው ዓይነት ካርታ ገዢ (ሌሎቹን ዓይነቶች የሚቆርጥ) እንደሚሆን በጥሪ ይወሰናል። ጥሪው ላይ ያለው ቁጥር ከ6 በላይ ያለውን ነው የሚናገረው፤ «አራት ስፔድ» ያለ ሰው ስፔድ ገዢ ሆኖ 10 ዙር እወስዳለሁ ብሎ ውል ገባ ማለት ነው። ከወሰደ ይሸለማል፤ ካነሰው ይቀጣል። ጨዋታው ኮንትራት ብሪጅ የተባለው በዚሁ ውል ምክንያት ነው።

ዛሬ የምናውቀውን ቅርፅ የሰጠው አሜሪካዊው ባለጸጋ ሃሮልድ ቫንደርቢልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ፊንላንድ በምትባል መርከብ በፓናማ ቦይ ሲያልፍ ከጓደኞቹ ጋር አዲሱን የነጥብ አሰጣጥ ሞከረ። ቀደም ባለው ብሪጅ ዝቅ ብሎ ጠርቶ ብዙ ዙር መውሰድ ያዋጣ ነበር። በቫንደርቢልት አሰጣጥ ግን ትልቁ ሽልማት የሚገኘው ቀድሞ በውል ለተጠራው ብቻ ሆነ። በዚህ አንድ ለውጥ ጨረታው የጨዋታው ልብ ሆነ፤ የአጋሮች ሰላምም አብሮ ደፈረሰ።

የጨረታው ቋንቋ እጅግ ድሃ ነው። ከአንድ እስከ ሰባት ያሉ ቁጥሮች፣ አራቱ የካርታ ዓይነቶች (ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ኸርት፣ ስፔድ)፣ አምስተኛው ገዢ የሌለበት «ኖ ትራምፕ»፣ ከዚያም ፓስ፣ ደብልና ሪደብል፤ ድምሩ 15 ቃል ነው። አንድ ተጫዋች ሊደርሰው የሚችለው የ13 ካርታ ስብስብ ግን 635,013,559,600 ዓይነት ነው። ያንን ሁሉ በ15 ቃል፣ ያውም እያንዳንዱ ጥሪ ካለፈው ከፍ እያለ መሄድ ስላለበት ወደ ኋላ መመለስ በሌለበት መንገድ፣ ለአጋር ማስረዳት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው ሁሉም በነጥብ ቆጠራ የሚጀምረው፦ አስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1። የሚልተን ወርክ ስም የተሰጠው ይህ ዘዴ በቻርልስ ጎረን መጻሕፍት አማካይነት በየቤቱ ገባ። መላው ካርታ 40 ነጥብ ይይዛል፤ አጋሮች በጋራ 25 ወይም 26 ካላቸው አራት ስፔድ ወይም አራት ኸርት መጥራት ይገባል ይባላል። ለጀማሪ ይህ በቂ ነው። ችግሩ ነጥቡ እኩል የሆነ እጅ ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው።

አጋርዎ «አንድ ስፔድ» ብሎ ጨረታውን ከፈተ እንበል። ቢያንስ አምስት ስፔድና 12 ያህል ነጥብ አለኝ ማለቱ ነው። እርስዎ «ሁለት ስፔድ» ብለው መለሱ፤ ሦስት ስፔድ አለኝ፣ ነጥቤ ግን ከ6 እስከ 9 ነው ማለትዎ ነው። እሱ «ሦስት ስፔድ» አለ። ይህ ግብዣ ነው፦ ከተናገሩት ውስጥ ወደ ላይኛው ጫፍ ከሆኑ አራት ይበሉ፣ ወደ ታችኛው ከሆኑ ይተዉት። አሁን ሁለት እጆችን ይመልከቱ። አንደኛው ስፔድ ኪንግ፣ 9፣ 6፤ ኸርት አስ፣ 8፣ 4፣ 2፤ ዳይመንድ 7፣ 3፤ ክለብ 10፣ 8፣ 5፣ 2 ይዟል። ሁለተኛው ስፔድ 8፣ 6፣ 4፤ ኸርት ኩዊን፣ ጃክ፣ 5፤ ዳይመንድ ኩዊን፣ ጃክ፣ 7፤ ክለብ ጃክ፣ 9፣ 6፣ 2 ይዟል። ሁለቱም 7 ነጥብ ናቸው። በመጀመሪያው አራት ስፔድ መጥራት ተገቢ ነው፤ አሱ የተረጋገጠ ዙር ነው፣ ኪንጉ በገዢው ዓይነት ውስጥ ነው፣ ሁለት ዳይመንድ ብቻ መኖሩ ደግሞ ሦስተኛውን ዳይመንድ በገዢ ካርታ ለመቁረጥ ያስችላል። በሁለተኛው ፓስ ነው፤ ኩዊንና ጃኮቹ ዙር መውሰዳቸው አጠራጣሪ ነው፣ በገዢው ዓይነት ውስጥ አንድም ትልቅ ካርታ የለም፣ ቅርፁም ደረቅ ነው። ባለሙያዎች «ግምት» ወይም «ማመዛዘን» የሚሉት ይህንን ነው። ቁጥሩ በር ድረስ ያደርሳል፤ መግባት አለመግባቱ የተጫዋቹ ነው።

ግምቱም ቢሆን ከካርታው ብቻ አይመጣም። በቡድን ውድድር የሁለት ጠረጴዛዎች የነጥብ ልዩነት ኢምፕ ወደሚባል መለኪያ ይመነዘራል። ቅጣቱም ሽልማቱም ከፍ በሚልበት፣ ተጋላጭ በሚባለው ሁኔታ፣ አራት ስፔድ ጠርቶ የተሳካለት 620 ነጥብ ያገኛል፤ ሦስት ላይ ቆሞ 10 ዙር የወሰደ ግን 170 ብቻ ነው። የ450ው ልዩነት 10 ኢምፕ ነው። አራት ብሎ በአንድ ዙር የወደቀ 100 ይቀጣል፤ ሦስት ላይ ቢቆም ኖሮ 140 ያገኝ ነበር፤ ልዩነቱ 240፣ ማለትም 6 ኢምፕ። ስለዚህ የመሳካቱ ዕድል ከ37.5 በመቶ ካለፈ መጥራት ያዋጣል። በጥንድ ውድድር ግን የሚቆጠረው በምን ያህል በለጥክ ሳይሆን ስንቱን በለጥክ ስለሆነ ድንበሩ ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። ያው እጅ፣ ያው አጋር፤ ማክሰኞ ትክክል የነበረው ጥሪ ኀሙስ ስሕተት ይሆናል። ይህን ሳይለዩ የሚከራከሩ አጋሮች ስንት ናቸው! አንዱ የቡድኑን ሒሳብ ይዞ፣ ሌላው የጥንዱን።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ግን አንድ ነገር እንደተስማማን አድርጎ ይነሣል፦ «ሦስት ስፔድ» ግብዣ መሆኑን። በብዙ ጥንዶች ዘንድ ደግሞ ግብዣ አይደለም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቁም» ይሉታል፤ ተጋጣሚዎች በመሀል እንዳይገቡ መንገድ መዝጊያ ብቻ ነውና አጋር ምንም ይያዝ ፓስ ማለት አለበት። በዚህ ስምምነት የሚጫወት ሰው በዚያ ውብ የመጀመሪያ እጅ አራት ስፔድ ቢል አጥፍቷል። ከጠቡ ትልቁ ድርሻ የሚመጣውም ከዚሁ ይመስለኛል። ሰዎች በግምት የተለያዩ ይመስላቸዋል፤ በእርግጥ የተለያዩት በስምምነት ነው። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው፤ የግምት ልዩነት ይከበራል፣ የስምምነት ጉድለት ግን በወረቀት ይጻፋል። ልምድ ያላቸው ጥንዶች ስምምነታቸውን በብዙ ገጽ ጽፈው የሚያጠኑት ለዚህ ነው። የእኔ አድልዎም ከእነሱ ጋር ነው፦ አጋር የማይገባው ምርጥ ጥሪ፣ አጋር ከሚገባው መካከለኛ ጥሪ ያንሳል።

ስምምነቱ ግን ምስጢር ሊሆን አይችልም። የብሪጅ ሕግ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው፤ አጋርዎ አንድ ጥሪ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀውን ያህል ተጋጣሚዎችም ጠይቀው የማወቅ መብት አላቸው። ማመንታትም ቋንቋ ነው። አጋር ረጅም ጊዜ አስቦ ፓስ ካለ፣ ያ ዝምታ የነገረዎትን ተጠቅመው መጥራት አይፈቀድም። ከ1975 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና ላይ አጋሮች እንዳይተያዩ በጠረጴዛው ሰያፍ መጋረጃ ተተክሏል፤ ጥሪውም በድምፅ መሆኑ ቀርቶ በተጻፈ ካርድ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሁለት ጣሊያናውያን ከጠረጴዛ ሥር በእግር ይነካካሉ ተብለው ተከሰው ነበርና በኋላ ከታችም መከለያ ተጨመረ።

የአጋሮች አለመግባባት አደባባይ የወጣበት ትልቁ ታሪክ ከ1931 መጨረሻ እስከ 1932 መጀመሪያ በኒው ዮርክ የተካሄደው ግጥሚያ ነው። በአንድ ወገን ኤሊ ኩልበርትሰንና ሚስቱ ጆሴፊን፣ በሌላው ሲድኒ ሌንዝና ኦስዋልድ ጃኮቢ ነበሩ። ክርክሩ የማን የጨረታ ሥርዓት ይበልጣል የሚል ነበር፤ 150 ንዑስ ግጥሚያ ሊጫወቱ ተስማሙ። በቻተም ሆቴል ተጀምሮ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ያበቃውን ውድድር ጋዜጦች እንደ ጦር ግንባር ዘገቡት። ዳኛው አልፍሬድ ግሩንተር የሚባል ወጣት መቶ አለቃ ነበር፤ በኋላ የኔቶ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆኗል።

ሌንዝ አንጋፋና ጥንቁቅ ተጫዋች ነበር። ጃኮቢ 29 ዓመቱ ነው፤ ፈጣን፣ ደፋር፣ የማደናገሪያ ጥሪ ወዳጅ። የማደናገሪያ ጥሪ ማለት የሌለህን እንዳለህ አድርጎ መጥራት ነው። ሕጉ ይፈቅደዋል፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ አጋርህም እንደ ተጋጣሚው እኩል መደናገር አለበት። ሌንዝ ደግሞ ተደናገረ። ሥራው የአጋሩን ጥሪ አምኖ መገንባት የሆነ ሰው፣ ከታች ያለው ድንጋይ እውነተኛ ይሁን የውሸት ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ተቀመጠ። በሰው ፊት ወቀሰው። ጃኮቢ ከ103 ንዑስ ግጥሚያ በኋላ ተነሥቶ ሄደ፤ በቦታው ዊንፊልድ ሊጌት የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ገባ። ኩልበርትሰን በመጨረሻ በ8,980 ነጥብ አሸነፈና መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። የማን ሥርዓት እንደሚበልጥ ግን ግጥሚያው ያረጋገጠ አይመስለኝም፤ ያሸነፈው ወገን እርስ በርሱ የሚተማመነው ነበር። (ባልና ሚስቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተፋቱ፤ በካርታ መተማመን ለትዳር አይበቃም መሰለኝ።) ጃኮቢ ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ለመሆን በቃ። የሚገርመው፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የጨረታ ዘዴ አጋር ምንም ሳያስብ የታዘዘውን ዓይነት እንዲጠራ የሚያስገድድ ነው፦ «ዳይመንድ» ሲባል «ኸርት» ይላል፣ አለቀ።

ከዚያ ግጥሚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በካንሳስ ሲቲ የሆነውን ብሪጅ ተጫዋች ሁሉ ያውቀዋል። በሴፕቴምበር 1929 ጆን ቤኔት አንድ ስፔድ አለ፤ ሚስቱ ሜርትል ወደ አራት አሳደገችው፤ ውሉ ወደቀ፤ ተሰዳደቡ፤ በጥፊ መታት፤ እሷም ሽጉጥ አምጥታ ተኩሳ ገደለችው። በ1931 ችሎቱ በነጻ አሰናብቷታል። አራት ማለት ነበረባት ወይስ አልነበረባትም የሚለው ክርክር እስካሁን መቀጠሉ የዚህን ጨዋታ ሰዎች ጠባይ ይናገራል።

ክርክሩ ወግ ያለው ቦታም አለው። ኩልበርትሰን በ1929 በመሠረተው «ብሪጅ ወርልድ» መጽሔት ላይ አስቸጋሪ የጨረታ ጥያቄዎች ለታዋቂ ተጫዋቾች የሚቀርቡበት ዓምድ አለ። እጁ ይሰጣል፣ የተባለው ይነገራል፣ «አንተ ምን ትላለህ?» ይባላል። እያንዳንዱ መልሱን ከነምክንያቱ ይልካል፤ ድምፅ ይቆጠራል፤ አብላጫ ያገኘው ጥሪ 100 ሲያገኝ ሌሎቹም እንደ ክብደታቸው ነጥብ ይሰጣቸዋል። የዓለም ሻምፒዮኖች በአንድ እጅ ላይ ለአራትና ለአምስት መከፈላቸው የተለመደ ነው። እዚያ ማንም ውጤቱን አይጠይቅም፤ የሌሎቹ ካርታ ምን እንደነበረ አይነገርም። በቤታችን ጠረጴዛ የምንሠራው ስሕተት ደግሞ በትክክል የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ውሉ ከወደቀ ጥሪው መጥፎ ነበር፣ ከተሳካ ጥሩ ነበር እንላለን። 40 በመቶ ዕድል ያለው ጥሪ ከ10 ጊዜ 6 ጊዜ ይወድቃል፤ ያም ሆኖ በቡድን ውድድር ትክክለኛው ጥሪ ነው።

ማሽንስ? በማርች 2022 ፓሪስ ውስጥ ኑክ የተባለ የፈረንሳይ ፕሮግራም ከስምንት የዓለም ሻምፒዮኖች ጋር ተወዳድሮ በልጧቸዋል። የተወዳደሩት ግን ካርታ በመጣል ብቻ ነው። ውሉ በሁሉም እጅ «ሦስት ኖ ትራምፕ» እንዲሆን አስቀድሞ ተወስኖ፣ ጨረታው ከነጭራሹ እንዲቀር ተደርጎ ነበር።