ግድግዳ በምን ይቆማል?

ቤት ሰውን ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከብርድ ይጠብቃል። ግድግዳው በደንብ ካልተሠራ ግን ያው ቤት በሰው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ግድግዳ በምን እንደሚሠራና በምን እንደሚቆም ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

ገበሬ ለእርከንና ለአጥር ድንጋይ ያለ ጭቃ ይደረድራል። ይህ ካብ ይባላል። በትግራይ ያለው የይሓ ቤተ መቅደስ ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ድንጋዩ በደንብ ተጠርቦ ስለ ተገጣጠመ፣ ጭቃም ኖራም ሳይገባበት እስከ ዛሬ ቆሟል። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የጎንደሩ የፋሲል ግንብ ግን በድንጋይና በኖራ ነው። ኖራው ድንጋዩን ከድንጋይ ያያይዛል።

ሌላው የግንብ ዓይነት ጡብ ነው። ጡብ ከሸክላ አፈር ተሠርቶ እንደ እንስራ በእሳት ይተኮሳል።

ዛሬ በከተማ የበዛው ብሎኬት ነው። በአዲስ አበባ ከመገናኛ ወደ ቦሌ ሲሄዱ ኢምፔሪያል የሚባል ሰፈር አለ። እዚያና በአጠገቡ ባለው በገርጂ የብሎኬት ፎቅ ቤት በብዛት ይታያል። ብሎኬት የሚሠራው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በውሃ ተለውሶ ነው። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ክብደቱ ይቀንሳል። ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ ግን 10፣ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ወፍራሙ ለውጭ ግድግዳ፣ ቀጭኑ ክፍል ለመለየት ነው። ብሎኬት እንደ ተሠራ ወዲያው አይገነባበትም። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ውሃ ሳይጠግብ የደረቀ ብሎኬት ይፈረፈራል።

የፎቁን ሸክም የሚሸከመው ብሎኬቱ ይመስላል። ግን አይደለም። ሸክሙ ያለው ብረት በገባበት የኮንክሪት ምሰሶ ላይ ነው። ብሎኬቱ በምሰሶዎቹ መካከል ያለውን ክፍት ይዘጋል። ምሰሶ በሌለው ቤት ግን ጣሪያውን የሚሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። ለዚያ ቀጭን ብሎኬት አይሆንም።

ግድግዳው ከምንም ይሠራ፣ የሚያቆሙት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው መሠረት ነው። በቦሌ በኩል ብዙው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካን ገበሬ ያውቀዋል። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ግድግዳም አብሮት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዋልካው ተቆፍሮ ይወጣል፤ መሠረቱም ከሥሩ ባለው ጠንካራ መሬት ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው መተሳሰር ነው። የላይኛው ብሎኬት በታችኞቹ ሁለት ብሎኬቶች መጋጠሚያ ላይ ይቀመጣል። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከዋለ ግድግዳው እዚያው ላይ ይከፈታል። በድንጋይ ግንብም የፊቱንና የኋላውን ገጽ የሚይዝ ረጅም ድንጋይ በየመካከሉ ይገባል። ለማያያዣው ለአንድ እጅ ሲሚንቶ 3 ወይም 4 እጅ አሸዋ ይለወሳል። ግንበኛው በየረድፉ ውሃ ልክና ቱንቢ ይይዛል። የጠመመ ግድግዳ ክብደቱ ራሱ ይጥለዋል።

ሦስተኛው ውሃን መከላከል ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የግድግዳውን ሥር ይሸረሽራል። ስለዚህ የጣሪያው ክፈፍ ወጣ ይበል፤ በቤቱ ዙሪያም የውሃ መሄጃ ቦይ ይቆፈር።

ይህ ምክር ለጭቃ ቤትም ይሠራል። እንጨቱና ጭቃው እርጥብ መሬት እንዳይነካ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ቢደረግለት ዕድሜው ይረዝማል። ግድግዳ ካዘመመ ወይም ስንጥቁ እየሰፋ ከሄደ ልስን መቀባት ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። መጀመሪያ ሰው ከሥሩ ይራቅ፤ ከዚያ መሠረቱ ይታይ።