ፖል ዳንስ መማር ለሚፈልጉ፦ አሠራሩና ወጪው

ፖል ዳንስ ከወለል እስከ ጣሪያ በቆመ የብረት ምሰሶ ላይ የሚሠራ ዳንስና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በምሽት ክበብ ነው፤ የዛሬውን መልኩን በአብዛኛው ያገኘውም እዚያ ነውና ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ምሰሶ ላይ መውጣትና መገለባበጥ ግን ከዚያ በፊትም ነበር። ሕንዶች ማላካምብ የሚሉት ስፖርት በእንጨት ምሰሶ ላይ ይሠራል፤ የቻይና ሰርከስም የራሱ ምሰሶ አለው። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ጀማሪ የሚያስተምሩ ስቱዲዮዎች በርካታ ናቸው።

«ክንዴ ደካማ ነው፤ ይሆንልኛል?» ይሆንልዎታል። ጉልበቱ ከልምምዱ ጋር ይመጣል፤ መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ሥራ መሬት ላይ ቆሞ የሚሠራ ነው።

ልብሱ ለምን ያጥራል? ጨርቅ ብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ቆዳ ግን ይይዛል። ምሰሶው ላይ ከፍ ብለው ሲቀመጡ የሚይዝዎት የጭንዎ ቆዳ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ቁምጣና ካናቴራ ይበቃል። በዕለቱ ሎሽንም ሆነ ቅባት አይቀቡ፤ እርስዎንም ከኋላዎ የሚመጣውንም ሰው ያንሸራትታል። ቀለበትና አምባር ይውለቅ። እጅዎ የሚያልብ ከሆነ ፈሳሽ ቾክ፣ ማለትም እጅን የሚያደርቅ ነጭ ቅባት መሰል ነገር፣ ይሸጣል። ምሰሶው ራሱ በአልኮል ይወለወላል።

ምሰሶው ሁለት ዓይነት ነው። ስታቲክ የሚባለው አይዞርም፤ ዙሪያውን የሚዞሩት እርስዎ ነዎት። ስፒን የሚባለው ራሱ ይዞራል፤ ያዞራልም። ጀማሪ ብዙ ጊዜ በስታቲክ ይጀምራል። የተለመደው ውፍረት 45 ሚሊ ሜትር ነው።

ትምህርቱ የእጅ አንጓንና ትከሻን በማሟሟቅ ይጀመራል። ቀጥሎ ምሰሶውን በአንድ እጅ ከፍ አድርጎ ይዞ በጣት ጫፍ ዙሪያውን መራመድ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ክብደትዎን ለምሰሶው መስጠት የሚለምዱት እዚህ ነው። ከዚያ ፋየርማን የሚባለው ዙረት ይመጣል፦ በሁለት እጅ ይዘው፣ ቀለል ብለው ዘለው፣ ምሰሶውን በጉልበትና በእግርዎ መሃል ቆንጥጠው እየዞሩ ይወርዳሉ። መውጣት የሚማሩት ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ ከምንም በላይ የምለምንዎ ትከሻዎን እንዲጠብቁ ነው። ልቅ ብለው አይንጠልጠሉ። እግርዎ ከመሬት ሳይነሳ ትከሻዎን ከጆሮዎ አርቀው ወደ ታች ይሳቡ፤ ያኔ ክብደቱን መገጣጠሚያው ብቻ ሳይሆን የጀርባ ጡንቻም ይሸከመዋል። ደግሞ በቀኝ የሠሩትን በግራም ይሥሩ። የሚቀናንን ጎን ብቻ መደጋገም አንዱን ወገን አጠንክሮ ሌላውን ያደክማል።

ያማል? አዎ፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ። ጭንና ቅልጥም ይበልዛል፤ ቀናት ቆይቶ ይጠፋል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማዎት ግን ያቁሙ። የትከሻ ጉዳት ያለበት ሰውም ሆነ ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

በቪዲዮ የምናየው ኢንቨርት፣ ማለትም ተዘቅዝቆ መንጠልጠል፣ ይቆይዎ። አስተማሪ አጠገብዎ ሳይቆምና ከሥር ወፍራም ፍራሽ ሳይነጠፍ አይሞክሩት።

ወጪውስ? በአሜሪካ ከተሞች አንድ ክፍለ ጊዜ ባብዛኛው ከ20 እስከ 40 ዶላር ነው፤ ብዙ ክፍለ ጊዜ አንድ ላይ ሲገዙ ይረክሳል። ለቤት የሚሆን ደኅና ምሰሶ ዋጋው በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል። እሱም በወለልና በጣሪያ መካከል ተወጥሮ የሚቆም ስለሆነ ኮርኒስ አይሸከመውም፤ ከላይ ኮንክሪት ወይም ወራጅ እንጨት ይፈልጋል። ቀጥ ማለቱም በውሃ ልክ ይታያል።

ስለዚህ ለቤት ከመግዛትዎ በፊት የአንድ ቀን ብቻ ከፍለው ይሞክሩ። ሲመዘገቡም አንድ ምሰሶ ለስንት ሰው እንደሚደርስና ፍራሽ መኖሩን ይጠይቁ።