ከችሎቱ በፊት የተነበበ ርዕስ

«ተደፈረች።» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ነው። ሴቲቱ አለች፣ ጉዳቱም አለ፤ አድራጊው ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ጥናት ይህ ምን እንደሚያስከትል በእንግሊዝኛ ዜናዎች ፈትሾ ነበር። ዜናው በተደራጊ ግስ ሲጻፍ ወንዶች አንባቢዎች የአጥቂውን ጥፋትም የተጎጂዋን ጉዳትም አሳንሰው ገመቱ።

ጁሪ ባለበት አገር ነገሩ ችሎት ድረስ ይዘልቃል። ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ትናንት ማታ ዜና ሲያዩ ያመሹ ተራ ሰዎች ናቸው።

በ2003 የቅርጫት ኳስ ኮከቡ ኮቢ ብራያንት በኮሎራዶ በአስገድዶ መድፈር ተከሰሰ፤ እሱ በፈቃዷ ነው አለ። በቀጣዩ ዓመት ጁሪ እየተመረጠ ሳለ ወጣቷ አልመሰክርም በማለቷ ክሱ ተቋረጠ፤ ማስረጃውም ሳይመዘን ቀረ። በኋላ የጉዳዩን የዜና ርዕሶች የመረመሩ ባለሙያዎች፣ ከመቶው አሥር ያህሉ «ዋሽታ ነው»፣ «ፈልጋ ነው» የሚለውን የቆየ እምነት የሚያራምዱ ሆነው አገኟቸው። አሥር ትንሽ ይመስላል። ሆኖም በሙከራ እንዲህ ያሉ ርዕሶች የተሰጧቸው ወንዶች፣ ሌሎቹን ካነበቡት ይልቅ ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማለት አመነቱ። ያነበቡት ርዕስ ብቻ ነው!

ሚዛኑ በተከሳሹ ላይም ያጋድላል። በ1999 የወጣ፣ ከ5,700 በላይ ተሳታፊዎች የነበሯቸውን ጥናቶች ያጠቃለለ ሥራ፣ በልዩ ልዩ ወንጀሎች ስለ ተከሳሹ ክፉ ዜና የሰሙ ሰዎች ጥፋተኛ ነው ወደ ማለት እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ዳኛው «የሰማችሁትን እርሱት» ቢልስ? መርሳት በትእዛዝ አይመጣም። አእምሮ ወሬውን ይዞ ምንጩን ይጥላል፤ ሰውየው ከቴሌቪዥን የሰማውን ከምስክር አፍ የሰማው ይመስለዋል። አልዋሸም፤ ከልቡ ያምነዋል።

በ2017 በወሲባዊ ጥቃት የተከሰሰውን የኮሜዲያኑን የቢል ኮስቢን ጉዳይ የሚያዩት ሰዎች ከችሎቱ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የፒትስበርግ አካባቢ የተመረጡት ለዚህ ነው። ግን ወሬ ያልደረሰበት ከተማ የት ይገኛል? መፍትሔው ዜናው ሲጻፍ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። «እገሌ ደፍሯታል በሚል ተከሰሰ» ማለት አድራጊ የተባለውን ያሳያል፤ ፍርዱንም አይቀድምም።

በኢትዮጵያ የሚፈርደው ዳኛ ነው። የአሜሪካ ዜግነት የያዛችሁ ወገኖቻችን ግን የጁሪ ጥሪ በፖስታ ይደርሳችኋል። ስለ ጉዳዩ ምን እንደሰማችሁ ስትጠየቁ፣ ያነበባችሁትን ሁሉ፣ ርዕስ ብቻም ቢሆን፣ ሳትደብቁ ተናገሩ።