ያውቁ ኖሯል? ቪቲው የት ተደበቀ?

(ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በለንደኑ ስቶክዌል ሰፈር የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች ሳሎን ውስጥ፣ ከእሳት ማንደጃው ግራና ቀኝ ሁለት ጎድጓዳ ክፍተቶች አሉ። የለንደን አናጢ ቁም ሳጥን መሥራት የሚወደው እዚያ ነው። ያረጀ ግድግዳ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይገኝም። ስለዚህ ካቢኔው ጠበብ ተደርጎ ይሠራና የግድግዳውን ጠማማነት ተከትላ የተቆረጠች ቀጭን ጣውላ ክፍተቱን ትሸፍናለች። ከፊት የሚያይ ሰው ካቢኔው ከግድግዳው የበቀለ ይመስለዋል።

ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የኩሽና ካቢኔቶች በምን እንደተያያዙ ፈልገው ካጡት በሩን ከፍተው የማጠፊያውን መቀመጫ ይፍቱ። ብልህ ገጣሚ ቪቲውን የሚያስገባው ከእሱ ሥር ነው። የጎን መሸፈኛ ጣውላም የሚታሰረው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ሁለቱም ጣውላዎች 18 ሚሊ ሜትር ከሆኑ ድምሩ 36 ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ቪቲ ይበቃል። 40 ያስገባ ሰው የቪቲውን ጫፍ በሚያምረው ፊት ላይ ያገኘዋል።

ስቶክዌል ያለበት ላምበዝ በብሎን ታሪክ ትልቅ ስም አለው። ጥርሱ እኩል የሆነ ብሎን የሚያወጣ ማሽን የሠራው ሄንሪ ሞድስሌይ በ1810 ፋብሪካውን የተከለው እዚያ ነው። በዚያው ፋብሪካ የሠራው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 የብሎን ጥርስ በአንድ መለኪያ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። የእንጨት ቪቲ ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጫፉ ዱልዱም ነበር፤ ቀድሞ ካልተበሳለት አይገባም።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፤ በርዝመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። ስለዚህ ጥሩ የካቢኔ በር ዙሪያው በወንዴና ሴቴ ይጋጠምና መሀሉ ላይ ያለው ሰሌዳ ቦይ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል፤ ኮላ አይነካውም። ሰሌዳውን ዙሪያውን በኮላ ያሰረ ሰው ስንጥቁን ራሱ ጠራው።

ኮላ የእንጨትን ጎን ከጎን ያጣብቃል እንጂ የተቆረጠውን የእንጨት ጫፍ እምብዛም አይይዝም። የእንጨት ችንካር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በስዊዘርላንድ ሄርማን ሽታይነር በ1950ዎቹ ያመጣው ዘዴ ደግሞ ተጨምቃ የደረቀች ሞላላ የእንጨት ቅጠል ትጠቀማለች። ቅጠሏ የኮላውን ውኃ ጠጥታ ስታብጥ ሁለቱን ጣውላ ከውስጥ ትይዛለች። ለቺፑድ ከዚህ የቀለለ አላውቅም።

ኮላ ያጣበቀው እንጨት ጦር ሜዳም ውሏል። በ1940 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሞስኪቶ የተባለው የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን አካሉ ከእንጨት ነበር፤ ክፍሎቹንም የቤት ዕቃ ሠሪዎች ሠርተዋል።

በዚያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መንግሥት ወንበርና ቁም ሳጥን በራሽን ማደል ጀመረ። ዕቃው ቅድሚያ ለአዲስ ተጋቢዎችና ቤታቸው በቦምብ ለፈረሰባቸው ሲሆን፣ ጌጥ የሌለው ግን በወንዴና ሴቴ የተጋጠመ ጠንካራ ሥራ ነበር። እቅዱ ያበቃው በ1952 ነው።

ገመድም ይደበቃል። በ1954 ከጊዛ ፒራሚድ አጠገብ የተገኘው የፈርዖን ኩፉ ጀልባ ጣውላዎቹ በገመድ ተሰፍተዋል፤ ቀዳዳዎቹ ግን ወደ ውስጥ ብቻ ስለሚከፈቱ ከውጭ አንድም ስፌት አይታይም። ርዝመቱ ከ43 ሜትር በላይ ነው።

የእኛዎቹ ግንበኞች ግን ማጋጠሚያውን ሁልጊዜ መደበቅ አልፈለጉም። በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳ ውስጥ አግድም የተጋደሙትን እንጨቶች የሚቆልፉ ተሻጋሪ ጉማጆች አሉ። በደብረ ዳሞ ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል፤ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። የአክሱም ጠራቢዎች ይህንኑ ጫፍ ምንም በማይይዝበት በድንጋዩ ሐውልት ላይ ቀርጸውታል። ከሮም ተመልሶ በ2008 ዳግም የቆመው 24 ሜትር ሐውልት ላይ ጭምር አለ። እንደ ጌጥ የወደዱት ይመስለኛል፤ ከዘመናዊው ልሙጥ ካቢኔ እኔም እሱን እመርጣለሁ።

የተደበቀውን አበሻዊ ሥራ ማየት የፈለገ የስቶክዌል ነዋሪ በቪክቶሪያ መስመር ያለ ቅያሪ ኪንግስ ክሮስ ይውረድ። በእግር ጥቂት ሲራመድ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይደርሳል፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት አሉት። የብራናው ጥራዝ ሁለት የእንጨት ገበታዎች አሉት። ደጓሹ የገበታውን ጠርዝ በስቶ ክሩን በእንጨቱ ውስጥ ያሳልፋል፤ ላዩ ቆዳ ሲለብስ ስፌቱ ይጠፋል። ገበታው ከተሰነጠቀም ስንጥቁን ግራና ቀኝ ይበሱትና እንደ ጨርቅ ይሰፉታል፤ ይሄኛው ስፌት ግን አይደበቅም።